ካልበላሃት ለምን ያዝካት?

ሱሪያቸውን እየጨመቁ ነው የጠየቁኝ። ማለዳ ነው። ይበርዳል። አባቴ እስከ ጭናቸው ርሰዋል።

«ካልበላሃት ለምን ያዝካት?»

ቁጣ አልነበረበትም። ሰዓት ስንት ሆነ ብሎ እንደሚጠይቅ ሰው ነበር የጠየቁኝ። እኔ ግን ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው፣ መኪና ስነዳም ዕቃ ሳጥብም ይመጣብኛል። ያኔ ሦስት መልስ ሰጥቻቸው ነበር። ሦስቱንም መለሱልኝ።

አባቴ ከሐዋሳ ሊጠይቁን መጥተው ነበር። ሁለት ሳምንት አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ ጋርላንድ ባለው አፓርታማችን ሶፋ ላይ ተቀመጡ። ቴሌቪዥን አዩ፣ የልጅ ልጆቻቸውን አጫወቱ፣ በረንዳ ላይ ቆመው የመኪና ማቆሚያውን ተመለከቱ። በሦስተኛው ሳምንት «እዚህ አገር ውኃ የለም እንዴ?» አሉኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ማታ መረብ ጥለው ንጋት ላይ ሲያወጡ የኖሩ ሰው ናቸው። እኔም በዓሣ ገንዘብ ነው የተማርኩት። «ወስጄ ዓሣ አበላዎታለሁ» አልኳቸው። ቃል ገባሁ ማለት ነው።

ጊዜው የሁዳዴ ጾም ነበር። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክር በእኛ ቤት ዕድሜው ከእኔ ይበልጣል። እናቴ አትበላም። አባቴ ይበላሉ። እሳቸው ደግሞ የሚያነሱት መከራከሪያ ከመጽሐፍ አይደለም፤ «በሁዳዴ ዓሣ ገበያው የሚደራው ማን እየበላው ነው ታዲያ?» ነው። እናም ድንኳን፣ ሽሮ፣ እንጀራና የዓሣ መጥበሻ ጭነን ወጣን። ዘይቱን የገዙት እሳቸው ናቸው። ሁለት ሊትር።

የሰመጠው ጫካ

ፎርክ ሐይቅ ከዳላስ በስተምሥራቅ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያስነዳል። ሰው ሠራሽ ነው። በፈረንጆቹ 1980 ግድቡ ሲዘጋ ሸለቆው ውስጥ የነበረውን ዛፍ ሁሉ አልመነጠሩትም። ብዙውን እንዳለ ተዉትና ውኃው ዋጠው። ዛሬም የደረቁ ግንዶች ሐይቁ መሀል ቆመው ይታያሉ። ጀልባ የሚሄደው ምልክት በተደረገለት መስመር ነው፤ ከመስመሩ ከወጣህ ከሥር ግንድ ይጠብቅሃል። ስፋቱ 27 ሺህ ኤከር ገደማ ነው። ሐዋሳ ሐይቅን ትንሽ ይበልጣል ብዬ ነገርኳቸው። አባቴ ቅር አላቸው።

«ሰው የሠራው? ከሐዋሳ?»

እኔ ወደዚያ ሐይቅ መመላለስ ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው። የምፈልጋት ላርጅማውዝ ባስ የሚሏትን ነው። አፈ ሰፊ ማለት ነው፤ ስሟን ያየ ሰው አያስተባብልም፣ አፏ ሲከፈት ቡጢ ያስገባል። ባስ ብዙ አታባርርም። ታደፍጣለች። ግንድ ሥር፣ ሣር ጥግ፣ ጥላ ውስጥ ትቆምና የሚያልፈውን ጎርሳ ትመለሳለች። የሰመጠ ጫካ ለእንዲህ ዓይነት ዓሣ ቤተ መንግሥት ነው። በዚያ ላይ ቴክሳሶች ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከፍሎሪዳ የመጣውንና ይበልጥ የሚገዝፈውን ዘር በሐይቆቻቸው ሲያረቡ ቆይተዋል። ፎርክ ላይ በኅዳር 1986 አንድ ሰው 17.67 ፓውንድ የምትመዝን አወጣ። ስምንት ኪሎ ማለት ነው። በጥር 1992 ደግሞ 18.18 ፓውንድ ወጣች፤ የቴክሳስ ክብረ ወሰን አሁንም እሷ ናት።

የእኔ ክብረ ወሰን አምስት ፓውንድ ነበር። ባስ የሚያጠምዱ ሰዎች ዘንድ ይኼ ጥሩ ነው፣ ግን አይወራም። ወሬ የሚጀምረው ከስምንት ፓውንድ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ያቺን ስምንት ስፈልግ ለመንጠቆ፣ ለዘንግ፣ ለክርና ለማይረባ ፕላስቲክ ያወጣሁትን ገንዘብ ባለቤቴ እንዳታነበው እዚህ አልጽፈውም።

የመጀመሪያውን ቀን ትንሽ ጀልባ ተከራየን። የውኃውን ሥር የሚያሳይ ስክሪን አለኝ፤ ግንዱንም ዓሣውንም በቀለም ይስላል። አባቴ «ሬዲዮው» አሉት። «ሬዲዮው ምን አለ?» ይሉኛል በየአሥር ደቂቃው። «እዚህ ታች አሉ ይላል» እላለሁ። እጥላለሁ። የለም። «አሁንስ ምን አለ?» እኔ ጥልቁ ላይ፣ ግንዶቹ መሀል፣ ስክሪኑ በቀባልኝ ቀለም ላይ ስወረውር ዋልኩ። እሳቸው ዘንግ አልያዙም። በቴክሳስ ለማጥመድ ፈቃድ መግዛት ግድ ነው ስላቸው «ሐይቅ የእግዜር ነው፣ ማነው ፈቃጁ?» ብለው እምቢ ብለውኛል። እናም ቀኑን ሙሉ ጀልባው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ውኃውን ሳይሆን ዳርቻውን ሲያዩ ዋሉ።

ማታ ሽሮ በላን። ሁለት ሊትር ዘይቱ ሳይከፈት አጠገባችን ተቀምጧል። ምንም አላሉኝም። ባይሉኝም ገብቶኛል።

ትናንሾቹ ከማን ይሸሻሉ?

ሊነጋጋ ሲል ድንኳኑን ከውጭ መታ መታ አደረጉት። ጸሎታቸውን ጨርሰው ፊታቸውን ሊታጠቡ ወርደው ነበር።

«ተነስ። እዚያ ጋ ውኃው ይሞቃል።»

ከድንኳናችን ጀርባ ትንሽ ገባ ያለች የውኃ ኪስ አለች። ሰሜኑን ኮረብታና ጥድ ይጋርደዋል። ትናንት በጀልባ ስናልፋት ቀና ብዬም አላየኋት፤ ጥልቀቷ ከወገብ አያልፍም። እጄን ከትቼ አየሁ። እውነትም ዋናው ሐይቅ ላይ ካለው ይለዝባል።

ይኼንን እኮ አውቀዋለሁ። ስንት ቪዲዮ አይቻለሁ። የጸደይ መጀመሪያ ላይ ውኃው ወደ 15 ዲግሪ ሲጠጋ፣ እንቁላል የያዙት ትላልቅ ሴቶች ከጥልቁ ተነስተው ወደ ጥልቅ ያልሆነው ዳርቻ ይመጣሉ። መጀመሪያ የሚሞቁት ደግሞ በሰሜን በኩል ያሉት ኪሶች ናቸው፤ ፀሐይ ይመታቸዋል፣ ቀዝቃዛውን የሰሜን ነፋስ ኮረብታው ይይዝላቸዋል። ትላልቆቹ ሁሉ ማለት ይቻላል ሴቶች ናቸው። ወንዱ ትንሽ ነው፤ ጎጆ ጠርጎ ይጠብቃል፣ እሷ ትጥላለች፣ ትሄዳለች። ይኼን ሁሉ አውቄ ትናንት ቀለም የሚቀባ ስክሪን ተከትዬ ጥልቁ ላይ ዋልኩ። አባቴ ስለ ባስ የሚያውቁት አንድም ነገር የለም። የሚያውቁት የሐዋሳው ዓሣ፣ ቆሮሶ፣ እንቁላል ሊጥል ሲል ወደ ደንገሉ እንደሚጠጋ ነው። ፊታቸውን ሲታጠቡ እጃቸው ነገራቸው።

አንድ ረጅም አንገት ያለው ግራጫ ወፍ ዳር ላይ ተገትሯል። አጠገቡ ትናንሽ ዓሦች በአንድ ላይ ከውኃው ዘለሉና እንደ ዝናብ ተመልሰው ወደቁ።

«አየህ? ትናንሾቹ ከማን የሚሸሹ ይመስልሃል? ከወፉ አይደለም። ወፉም እንደኛ ቆሞ እያየ ነው።»

አረንጓዴ የፕላስቲክ ትል አወጣሁ። የመንጠቆው ጫፍ ትሉ ገላ ውስጥ ይደበቃል፤ ግንድ ላይ እንዳይሰካ ነው፣ የቴክሳስ አሠራር ይሉታል። አባቴ ተቀብለው አሸተቱት። ጨው አለበት፤ ሲሠሩት ይጨምሩበታል። «ጨውም አለው?» አሉ። «ዳጣ ብቻ ነው የቀረው።» (ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ሄዶ ጥሬ ዓሣ በዳጣ ያልበላ ሰው ይኼ ቀልድ ላይገባው ይችላል። ይቅርታ።)

በሦስተኛው ውርወራ ትሉ አንድ የወደቀ ግንድ አጠገብ አረፈ። ምንም አልመታኝም። ክሩ ብቻ ቀስ ብሎ ወደ ጎን መሄድ ጀመረ። ትንሽ ዓሣ ይነካካል፣ ይጎትታል፣ ያስቸኩልሃል። ይኼኛው ዝም ብሎ ትሉን ይዞ ይሄዳል። የራሱ እንደሆነ ሁሉ። ሳብኩ።

ግንድ የያዝኩ መሰለኝ። ከዚያ ግንዱ ተንቀሳቀሰ። አንዴ ብቻ ከውኃው ወጣች፤ አፏን ከፍታ፣ ራሷን ግራ ቀኝ እያራገበች። ያን አፍ ሳይ ጉልበቴ ከዳኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን በቅደም ተከተል አላስታውስም። አባቴ እጀታ ያለውን መረብ አንስተው አጠገቤ መቆማቸውን አስታውሳለሁ። እኔ በዚያ መረብ ሁሌም እሳሳታለሁ፤ ከፊት ለፊት እገጫትና ታመልጣለች። እሳቸው ከሥር፣ በአንድ እጅ፣ ሻይ እንደሚያቀርብ ሰው አነሷት።

አራት ደቂቃ

ዘጠኝ ፓውንድ ከሁለት አውንስ። ከአራት ኪሎ ትንሽ ከፍ ይላል። ርዝመቷ 24 ኢንች ከሩብ።

ሩቧ ትልቅ ነገር ናት። ፎርክ ላይ አንድ ሰው በቀን አምስት ባስ መውሰድ ይችላል፤ ነገር ግን ከ16 እስከ 24 ኢንች ያለውን መልቀቅ ግዴታው ነው። ከ24 በላይ በቀን አንድ ብቻ ይፈቀዳል። ሕጉ በሩብ ኢንች የኔ አድርጓታል። ይኼን ለአባቴ ነገርኳቸው። ፊታቸው በራ።

«ለእራት ትበቃለች። ለነገ ምሳም ትተርፋለች።»

እኔ ግን ስለ ምሳ እያሰብኩ አልነበረም። ቴክሳስ ስምንት ፓውንድ ወይም 24 ኢንች የሞላች ባስ የያዘን ሰው የሚመዘግብበት ፕሮግራም አለው። ፎቶ ያስፈልጋል። ከመለኪያው ጋር አንድ ፎቶ በቂ ነው። አንድ! እኔ ግን ስድስት ዓመት ጠብቄያለሁ። በመለኪያው ላይ አነሳሁ። ሚዛኑ ላይ አነሳሁ። ከዚያ ከእኔ ጋር። እጄ አሟልጮ ስልኩ አልከፈት አለኝ፣ በሱሪዬ ጠረግኩት፣ ከፈትኩት። ለአባቴ ሰጠኋቸው። የቱን እንደሚጫኑ አሳየኋቸው። ቪዲዮ ነበር የተጫኑት፤ የአውራ ጣታቸው ቪዲዮ እስከ ዛሬ አለኝ። እንደገና አስረዳኋቸው። ፀሐዩ ከኋላዬ ነው፣ ዞርኩ። ፈገግ አልኩ። «አንድ ጊዜ ብቻ፣ ይቺን ብቻ» እላለሁ። እሷ እጄ ላይ ጉሮሮዋን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

በኋላ ፎቶዎቹ የተነሱበትን ሰዓት አየሁት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አራት ደቂቃ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ደግሞ መቸኮል በነበረብኝ ሰዓት ተዝናናሁ።

ከዚያ ምንም ሳልናገር ጎንበስ ብዬ ውኃው ውስጥ አስቀመጥኳት። አባቴን አላማከርኳቸውም። ዘይት የገዙትን ሰውዬ «ልልቀቃት?» ብዬ እንኳ አልጠየቅኳቸውም። ለቀቅኳት። አልሄደችም። ቀስ ብላ በጎኗ ተኛች፤ ነጩ ሆዷ ወደ ላይ መጣ።

እኔ ደርቄ ቀረሁ። አባቴ ጫማቸውን ሳያወልቁ፣ ሱሪያቸውን ሳይሰበስቡ ገቡ። አንድ እጃቸውን ከሆዷ ሥር አገቡ፣ በሌላው ጭራዋን ያዙ፣ ቀና አድርገው አቆሟት። «ቀስ» አሉ። ለእኔ ይሁን ለእሷ አላውቅም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። በሕይወታቸው ስንት ሺህ ዓሣ ከውኃ እንዳወጡ እግዜር ይወቀው፤ አንዱን ለመመለስ ሲገቡ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከሆዷ ሥር ያለው እጃቸው ቆም አለ። «እርጉዝ ናት» አሉ። ቆዩ። በጣም ቆዩ። ጉሮሮዋ መጀመሪያ አልፎ አልፎ፣ ከዚያ ደህና አድርጎ መክፈትና መዝጋት ጀመረ። በድንገት ጭራዋን መታች፤ ውኃውን ፊታቸው ላይ ረጨችና ጠፋች።

«ከለቀቅክ አይቀር በሕይወቷ ልቀቅ» አሉኝ እየወጡ። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሱሪያቸውን መጭመቅ ጀመሩ። ከዚያ ነው የጠየቁኝ።

የተገለበጠ መረብ

መጀመሪያ «እዚህ አገር እንደዚህ ነው፣ ትልቅ ይለቀቃል» አልኳቸው። «ሕጉ ፈቅዶልሃል ብለኸኝ አልነበር?» አሉ። ልክ ናቸው።

«እንቁላል ይዛለች፣ ትውለድ ብዬ ነው» አልኩ። «ታዲያ እርጉዝ መሆኗን እያወቅክ ለምን ወጋሃት?»

«ሌላ ሰውም ደስ ይበለው ብዬ ነው» አልኩ በመጨረሻ። ይኼን ስል በራሴ ጆሮም አልጣመኝም። «እንደገና ትወጋ ማለትህ ነው?»

ዝም አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ሄጄ የአንድ ቀን ፈቃድ ገዛሁላቸው። አሁን እምቢ አላሉም። ከድንኳኑ ጀርባ መሬት ቆፍረው እውነተኛ ትል አወጡ፣ የኔን ፕላስቲክ ገፋ አደረጉት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ 14 ኢንች የሚሆኑ ሁለት ባስ አወጡ። ከ16 ኢንች በታች ስለሆኑ ይወሰዳሉ። አጸዱ፣ ሚጥሚጣ ነሰነሱ፣ ዘይቱ ተከፈተ። ሁለት ዓመት ያልበላሁት ጥፍጥና ነበር።

እሳቱ ጋ ተቀምጠን ስለ ሕጉ ደጋግመው ጠየቁኝ። ትንሹ ይበላል፣ መካከለኛው ይለቀቃል፣ ትልቁም ካንድ አያልፍም? አዎ። ሳቁ። «መረብ ገልብጠዋል» አሉ። መረብ ትንሹን ያሳልፋል፣ ትልቁን ይይዛል። ሐዋሳ ላይ የተማሩት፣ ሽማግሌዎቹ ያስተማሯቸው ያንን ነው፤ የመረብህ ዓይን ሰፊ ይሁን፣ ትንሹ ይደግ። እዚህ ደግሞ ትንሹን ብላ፣ እናትየዋን ተዋት።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል። እኔ ዝም ማለት ሲገባኝ ጎረጎርኩ። «ታዲያ አሁን ሐዋሳ ላይ ቆሮሶው ለምን እንዲህ አነሰ? በልጅነቴ ሳህን ይሞላ ነበር» አልኳቸው። እሳቱን በእንጨት ነካኩት።

«ዓይኑን ስላጠበብነው ነው» አሉ። «እኔም አጥብቤያለሁ። አንተ ስምንተኛ ክፍል ሆነህ፣ ታናሽህ ታሞ፣ በሰፊው ዓይን የሚገባው አልበቃ ሲለኝ። ጠባቡን ገዛሁ። ያልደረሰውን ሁሉ አወጣሁት። አንዴ ካጠበብክ በኋላ መልሰህ አታሰፋውም።»

ይኼን ነግረውኝ አያውቁም። እኔም ምን እንደምል አላወቅኩም። እናም ወሬ ለመቀየር የዓለም ክብረ ወሰን ታሪክ አወራኋቸው። በ1932 ጆርጂያ ውስጥ ጆርጅ ፔሪ የሚባል ወጣት ገበሬ 22 ፓውንድ ከአራት አውንስ የምትመዝን ባስ ያዘ። አሥር ኪሎ። ጊዜው የችግር ጊዜ ነበር። አስመዘናት፣ ቤቱ ወሰዳት፣ ቤተሰቡ በላት። በ2009 አንድ ጃፓናዊ ቢዋ ሐይቅ ላይ እስኪያስተካክለው ድረስ ብቻውን ነበር።

«ጎበዝ ልጅ!» አሉ አባቴ። ከልባቸው።

ከዚያ የፎርኳን፣ የ1986ቷን ነገርኳቸው። ኢቴል ብለው ስም አወጡላት። ሚዙሪ ውስጥ አንድ ትልቅ የማጥመጃ ዕቃ መደብር ውስጥ ባለ ገንዳ ሕዝብ እየጎበኛት ኖረች። በ1994 ስትሞት የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ተደረገላት። አባቴ መጀመሪያ የቀለድኩ መሰላቸው። ከዚያ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ተዝካሯንስ አወጡ?»

እኔ በሁለቱ መሀል የትኛው ጋ እንደቆምኩ አላውቅም። ከበላት ገበሬ ጋ ነኝ እንዳልል አልራበኝም። መታሰቢያ ካደረጉላት ጋ ነኝ እንዳልልም አፍራለሁ። መልቀቄ አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ አራቱ ደቂቃ ነው፤ ያ ለእሷም ለሐይቁም ለአባቴም አልነበረም፣ ለስልኬ ነበር። መውጋቱስ? እሱን ገና አላወራረድኩትም። ማጥመዱን ግን አልተውኩም፤ ይኼን ካልነገርኳችሁ ውሸታም እሆናለሁ። ባለፈው ወር ስድስት ፓውንድ የምትገመት ያዝኩ። ከውኃው ሳላወጣት መንጠቆውን ነቅዬ ለቀቅኳት። ስልኬ ድንኳን ውስጥ ነበር። ሥራ ቦታ ስናገር «ፎቶውስ?» አሉኝ። የለም አልኩ። ተያይተው ሳቁ።

አባቴ ከተመለሱ በኋላ በየእሑዱ እንደዋወላለን። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ኑሮ ውድነቱ፣ ስለ ጉልበታቸው እናወራለን። ከሳምንት በፊት ልንዘጋ ስንል ቆይ አሉኝ።

«ያቺ እርጉዟ ወልዳ ይሆን?»

«ወልዳለች አባባ።»

«አየሃት?»

«አላየኋትም።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከኋላቸው የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማኛል።

«እዚያች ሞቃቷ ጋ ሂድና እይ» አሉኝ። «ዘንግ ሳትይዝ።»